አንድ ተኩስ ለሙሽራ

ባለቤቴ ወንዳፍራሽ ጡረታ በወጣ በወሩ ጠመንጃ ልሥራ አለኝ። ልግዛ አላለም፤ ልሥራ ነው ያለው። እኔ የትምህርት ቤት አውቶብስ ነጂ ነኝ። ሲያትል አጠገብ ያለችውን ሬንተንን እየዞርኩ የሰው ልጅ ስሰበስብና ስመልስ ውዬ ቤቴ ስገባ መሣሪያ ሊጠብቀኝ? «እኔ በሕይወት እያለሁማ አይሆንም» አልኩት። እሱ ስቆጣ ዝም የማለት ልማድ አለው። ተነስቶ ሰሃን አጠበ። ሰሃን ካጠበ ነገሩ ከልቡ ነው ማለት ነው።

ነገሩ የጠመንጃ ፍቅር አልነበረም፤ የሰርግ ነገር ነው። በነሱ ቤት፣ መንዝ፣ ሴት ልጅ ስትዳር አባት ደጅ ወጥቶ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ ይተኩሳል። ሙሽራዋ እግሯን ከደፉ የምታወጣው ተኩሱን ሰምታ ነው። ይቺ ልጅ አባት አላት፣ አገር ይስማ ማለት ነው ይላሉ። በታላቅ እህቱ በእትዬ ባየሽ ሰርግ ግን አልተተኮሰም። በዚያ ዓመት መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተብሎ የአባታቸው ውጅግራ ጠመንጃ ተወስዶ ነበር። አባትየው ባዶ እጃቸውን ደጅ ቆሙ፣ ሚዜዎቹ ቸኮሉ፣ ሙሽራዋም ዝም ብላ ወጣች። ወንዳፍራሽ ያኔ ገና ልጅ ነበር፤ የአባቱን እጅ ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

እትዬ ባየሽም አላስረሱትም። ጉልበታቸውን ቢያማቸው፣ ዶሮ ቢጠፋባቸው፣ ባቄላው ባያፈራ፣ በስልክ የሚሉን አንድ ነው፦ «እኔማ ሳይተኮስልኝ የወጣሁ ነኝ!» እየሳቁ ነው የሚሉት። ባላቸው የሞቱ ጊዜ ግን ያንኑ ቃል ሳይስቁ አሉት፤ ያን ቀን ወንዳፍራሽ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ጋራዥ ገብቶ ብዙ ቆየ።

እንግዲህ ልጃችን ሃሴት ከፊሊጶስ ጋር ቀለበት ባሰረች ማግስት ነው ይህ የጠመንጃ ጉዳይ የመጣው። «ለልጄ ሳልተኩስ አልድራትም» አለኝ።

«አሜሪካ ነው ያለኸው! ጎረቤት ፖሊስ ጠርቶ ሰርጉ በመብራትና በሳይረን ይታጀብ?»

«ሪላክስ አድርጊ እጅጌ። ቤት አይደለም የምተኩሰው። በሰርጉ ባይሆን በመልሱ፤ መልሱን ደግሞ እነዴል ክለብ እናደርገዋለን፤ ተነጋግረናል።»

ዴል ወንዳፍራሽ ይሠራበት በነበረው የአውሮፕላን ፋብሪካ ከጎኑ ቆሞ ክንፍ ሲገጥም የኖረ፣ ከሱ ቀድሞ ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ነው። ከኦበርን ከተማ አልፎ ጫካ ውስጥ የጥንት ጠመንጃ ወዳጆች ክለብ አላቸው። እነዚህ ሰዎች ከአፈሙዝ በኩል ባሩድና አረር እየጎረሰች የምትተኮሰዋን፣ የቅድመ አያቶቻቸውን ዓይነት ጠመንጃ፣ በገዛ እጃቸው ይሠራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘርፍ ያለው የአጋዘን ቆዳ ለብሰው፣ ቀንድ ሙሉ ባሩድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይሰበሰባሉ። እኔ መጀመሪያ ሳያቸው ጤነኞች አልመሰሉኝም ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልቤን አለሳለሰው። ዴል አንዷን አጉርሶ ሲተኩስ ቆሜ አየሁ። ባሩዱን ለካ፣ አፈሰሰ፣ አረሩን በጨርቅ ጠቀለለ፣ በዘንግ ገፋ፣ ደግሞ ሌላ ባሩድ፣ ደግሞ ማስተካከል። እሱ እስኪጨርስ የኔ አውቶብስ ሁለት ፌርማታ ታዳርሳለች። አንዴ ጮኸች፣ በጭስ ሸፈነችን፣ ተኛች። በዚህ ማንም ማንንም ሊያጠፋ ቢነሳ ንዴቱ በመሃል ይበርድለታል። «እሺ፣ ይቺን ከሆነ» አልኩት ወንዳፍራሽን። ወዲያው ግንባሬን ሳመኝና ዴል ላይ ተጠመጠመ።

እነሱ «ሎክ» የሚሉት፣ እኔ ቃታ የምለው፣ የዚህች ጠመንጃ ልብ ነው። ከጎኗ የሚለጠፍ የመዳፍ ያህል ብረት ነው፤ መዶሻ አለው፤ መዶሻው በመንጋጋው የባልጩት ቁራጭ ነክሷል። ምላጩ ሲሳብ ባልጩቱ ከፊት ለፊቱ የቆመውን የብረት ክዳን ፍቆት ያልፋል። ክዳኑ ይከፈትና ብልጭታው ከሥሩ ባለችው ትንሽ ማንኪያ ውስጥ ባለው ባሩድ ላይ ይረግፋል። ከዚያ በኋላ ጩኸት ነው። ሌላ ዓይነትም አለ፤ ባልጩት የለውም፤ የመዳብ ቆብ ይደረግለትና መዶሻው ሲመታው ይፈነዳል። ዴል ይህን ሁለተኛውን ነበር የመከረው። «ሲያትል ነህ፣ ሰማዩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ድንጋዩ ያስቸግርሃል» አለው። ግን ያን ሰሞን ቆቡ ከየሱቁ ጠፍቶ ነበር። ወንዳፍራሽ ደግሞ ሱቅ እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው አይደለም። «ድንጋይ አለቀ ሲባል ሰምቼ አላውቅም» አለና ባለ ባልጩቱን አዘዘ።

ቃታውን የሚሠሩት ጥንት የነበረውን ሞዴል እየተከተሉ ብረት የሚያቀልጡ አባትና ልጅ ናቸው አሉ፣ ከሌላ ስቴት። ተራ ይጠበቃል። በጋው አለቀ፣ የሰርግ ካርድ ታተመ፣ አዳራሽ ተያዘ፣ ቃታው የለም። ወንዳፍራሽ የፖስታ መኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር በነጠላ ጫማ ይሮጣል። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ካርቶን መጣች። ውስጧ በዘይት ወረቀት የተጠቀለሉ፣ ገና ያልተሞረዱ፣ ከሻጋታቸው ሲወጡ የያዙት ጠርዝ ያልተነሳላቸው ብረቶች ናቸው። እኔ ያለቀ ነገር ነበር የጠበቅሁት።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ የጠበቅነው ለቁርጥራጭ ነው?»

«እንዲህ ነው የሚመጣው። መሞረድ፣ መግጠም፣ ማለስለስ የኔ ሥራ ነው» አለኝ ፊቱ በርቶ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ያን ፊት አላየሁትም ነበርና ቁጣዬን ዋጥኩት።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የብረት ብናኝ ቤት ሆነ። ብረት ጠፍሮ የሚይዘው ሞርሳ ከጋራዥ ወደ ምግብ ጠረጴዛችን ተዛወረ፤ ጋራዡ ይበርዳል ብሎ። ሞረድ ከሹካ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁ። ከርሞ ከርሞ ቃታው ተገጠመ፤ መዶሻው በስፕሪንጉ ተወጥሮ ቃ! ሲል ደስ ይላል። ብልጭታ ግን የለም። ዴል መጥቶ አየውና የክዳኑ ብረት ለስላሳ ነው፣ መጠንከር አለበት አለ። ወንዳፍራሽ ደጅ አውጥቶ በእሳት እስኪቀላ አጋለውና ዘይት ውስጥ ነከረው። ይህ በጎ ነው። ቀጥሎ ግን ብረቱ እንዳይሰባበር ቀስ ብሎ መሞቅ አለበት ተባለ። የት እንደሚሞቅ ማንም አልነገረኝም።

የሰርጉን ነገር ሊጨርሱ ለሚመጡት የፊሊጶስ ወገን ሽማግሌዎች ያቦካሁትን ድፎ ዳቦ ይዤ ኦቭኑን ስከፍት፣ ከመሃል፣ በኔ ትሪ ላይ፣ አንድ ጥቁር ብረት ተኝቷል።

«ወንዳፍራሽ!»

«እንዳታወጪው! ድፎውን ከላይ አስገቢው። ሙቀታቸው እኮ አንድ ነው፤ ዴልን ጠይቄዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ናቸው፤ ምን አማራጭ አለኝ? ድፎውን ከላይ አስገባሁ። የሚያናድደው ደግሞ ዳቦው እንዲያ አምሮልኝ አያውቅም። የፊሊጶስ አባት አቶ መንግሥቴ ሁለተኛ ቁራሽ እየጠየቁ «እጅሽ ይባረክ፣ ምን አድርገሽበት ነው?» ሲሉኝ ወንዳፍራሽ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

በማግስቱ ጋራዥ ጠራኝ። በሩን ዘጋ፣ መብራቱን አጠፋ። ቃ! ሲል ከባልጩቱ ሥር እሳት ረገፈ፤ ብርቱካናማ፣ እፍኝ ሙሉ። ደገመው፤ ደግሞ ረገፈ። እኔ ያቺ ቁጡ ሴትዮ በጨለማ ውስጥ እንደ ልጅ አጨበጨብኩ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ደቂቃ ባሌን እንደገና ወደድኩት።

ሃሴት መጀመሪያ ላይ ነገሩን የአባቷ ቀልድ አድርጋ ነበር ያየችው። እዚህ ተወልዳ እዚህ ያደገች ናት፤ በአማርኛ ስትጠይቋት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። አንድ ቀን እርሳሷን ጥርሷ ውስጥ አድርጋ የእንግዶች አቀማመጥ ስታስተካክል ስለ አክስቷ ሰርግ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሰማችኝና እርሳሱን አስቀመጠች። «ሶ... ኖባዲ? አንድም ሰው?» አለችኝ።

«አንድም።»

«ኦኬ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመልሱን ፕሮግራም ለማንም ስትናገር መጀመሪያ የምታስቀምጠው ተኩሱን ሆነ።

እትዬ ባየሽ ለሰርጉ ከመንዝ መጡ። ኤርፖርት ስንቀበላቸው ሻንጣቸው ከሳቸው ይበልጣል። ግማሹ ቅቤ ነው፤ የወጡ ለብቻ፣ የፀጉሩ ለብቻ። የፀጉሩ ቅቤ ሽታው የሚያውድ የአደስ ቅጠል የገባበት ነው፤ ሻንጣው ሲከፈት ቤቱ በሙሉ አደስ አደስ አለ። ሻይ እንኳ ሳይጠጡ «ጠመንጃዋ የታለች?» አሉ። ወንዳፍራሽ አወጣላቸው። እንጨቱን በእጁ ጠርቦ በዘይት አሽቶት ስለነበር ያበራል። አገላብጠው፣ አገላብጠው፣ ቃታው ላይ ደረሱ።

«ድንጋይ ነክሳለች እኮ!»

«አዎ እትዬ፤ በድንጋይ ነው የምትሠራው።»

«ጉድ ነው! የአባታችን ውጅግራ ጥይት ነበር የምትበላው» አሉና አፈሙዟን ሳሙት። «ድንጋይም ትብላ፣ ብቻ ትጩህ።»

ሰርጉ በአዳራሽ ሆነ፤ ስለሱ ብዙ አልናገርም፤ ሰርግ ነው፤ ተበላ፣ ተጨፈረ፣ የኔ ጫማ ተረከዝ ተሰበረ። በመልሱ ዋዜማ እትዬ ባየሽ «እንግዲህ ያ ሁሉ የፀጉር ጣጣ አለቀ፣ አሁን የኔ ተራ ነው» ብለው ሃሴትን ወንበር ላይ አስቀምጠው ራሷን በቅቤ ቀቧት። ልጄ ለወትሮው ሽታውን የማትወድ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀባች። ጠመንጃዋም ለነገው ተወልውላ በዚያው ሳሎን ጥግ ቆማ ነበር። እኔ ወጥ ላይ ነበርኩ።

በመልሱ ቀን እንደተለመደው ያካፋል። መኪኖቻችን ከኦበርን አልፈው ጫካው ውስጥ ተደርድረው ሲገቡ እነዴል ቆዳቸውን ለብሰው በር ላይ ይጠብቁናል። እኛ በሀበሻ ቀሚስና በነጠላ፣ እነሱ በዘርፍና በቀንድ፤ ማን ማንን ፎቶ እንደሚያነሳ ግራ ተጋባን። ክለቡ ውስጥ ከግንድ የተሠራ ቤት አላቸው፤ በሩ ከፍ ያለ የእንጨት ደፍ አለው። እትዬ ባየሽ ደፉን በእግራቸው መታ መታ አድርገው «ይሆናል፣ ደፍ ነው» አሉ። የቤታችን በር እሱ ይሆናል ተባለ። ሃሴትና ፊሊጶስ ከደፉ ውስጥ፣ ወንዳፍራሽ ደጅ፤ ተኩሱ ሲሰማ ሙሽሮቹ ይወጣሉ፣ ከዚያ ይበላል።

ዴል ሕጉን ነገረን። ጠመንጃ ሁሉ እስኪቀመጥ ድረስ ማንም መጠጥ አይቀምስም። ፊሊጶስ ተረጎመ። ከሁሉ በላይ ራሳቸውን የነቀነቁት አቶ መንግሥቴ ናቸው። «በጣም ጥሩ ሕግ! እኛም በመኪናችን መጠጥ የሚባል ነገር አልያዝንም» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ወንዳፍራሽ አጎረሰ። አረር የለውም፤ ባሩድና ጨርቅ ብቻ ነው። ቃታውን ከካፊያው ለመከለል ዴል ያዋሰውን የቆዳ ሽፋን አደረገበት። ደጁ መሃል ቆመ። ነጭ ልብሱ ላይ ጋቢ ደርቧል፤ ጋቢውን ወደ ኋላ ወረወረና ሽፋኑን ገፈፈ፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቀና። ሁላችንም ጆሯችንን ያዝን። ምላጩን ሳበ።

ቃ!

ሌላ ምንም የለም። ሁላችንም ጆሯችንን እንደያዝን ቀረን።

እንደገና መዶሻውን ስቦ ሞከረ። ቃ! አሁንም ያው ነው። ዴል መጣና ማንኪያዋ ውስጥ ያለውን ባሩድ ቀየረ፣ እርጥበት ነው አለ። ቃ! ባልጩቱን ቀየሩት፣ አዲስ፣ ስለታም። ቃ! አንዲት ብልጭታ እንኳ ጠፋች። የክለቡ ሰዎች ተሰብስበው እያንዳንዳቸው ሰማዩን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው በቆቡ ዓይነት ቢሆን ኖሮ እኮ ማለት ሲጀምር ዴል በክርኑ ጎሸመው።

«አቶ ወንዳፍራሽ» አሉ አቶ መንግሥቴ፣ «ወጡ ሳይቀዘቅዝ ልጆቹ ይውጡና ተኩሱ በኋላ ቢሆንስ?»

«አይወጡም!» አሉ እትዬ ባየሽ። ደፉ አጠገብ ቆመው ክንዳቸውን ዘርግተዋል። «ሳይተኮስ እግሯ ከደፍ አይወጣም! እኔ ወጥቼ አይቼዋለሁ።»

ሃሴትም ከውስጥ «አይ ካን ዌይት! እጠብቃለሁ!» አለች። የወንዳፍራሽን እጅ አየሁት። ጠመንጃዋን ጨብጦ ቀርቷል። ያ ሁሉ ወራት፣ ያ ሁሉ ሞረድ፣ ያ ሁሉ ኦቭን፣ አሁን እንደ አባቱ ባዶ እጁን ደጅ ሊቆም ነው። ሲጨንቀኝ ደግሞ የሚመጣልኝ ቁጣ ነው፤ ሄጄ ቃታው ላይ ጎንበስ አልኩ፤ ብረት ልቆጣ።

አደስ ሸተተኝ።

ሃሴት በቅርቤ የለችም፤ ውስጥ ናት። እንደገና አሸተትኩ። ጣቴን ክዳኑ ላይ አሳልፌ ባየው ያብለጨልጫል። ቀና ብዬ እትዬ ባየሽን አየኋቸው።

«እትዬ፣ ጠመንጃዋን ቀብተዋታል እንዴ?»

«እንዴታ!» አሉ በኩራት። «ማታ ከሙሽራዋ የተረፈውን አሸኋት። አባታችን ለሰርግ ሲሉ ውጅግራዋን በቅቤ ይወለውሉ አልነበር ወንዴ? ሙሽራዋ ተቀብታ ጠመንጃዋ ደርቃ ትቁም? ያቺን ድንጋይ የምትነክስበትንማ ደህና አድርጌ ነው ያጠገብኳት።»

ፊሊጶስ ለዴል ተረጎመለት። ዴል መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ኮፍያውን አወለቀ። ባልጩትና ክዳኑ ደረቅ ለደረቅ ሲፋጩ ነው እሳት የሚወጣው፤ ቅባት ከገባ ባልጩቱ ይንሸራተታል እንጂ አይፍቅም። አዲሱም ባልጩት ከክዳኑ ቅቤ ተቀብቷል። እኔ ይህን በአማርኛ እስክነግራቸው የእትዬ ባየሽ ፊት ቀስ በቀስ ተለወጠ። የዘረጉት ክንድ ወረደ። ሄደው ግንድ ላይ ተቀመጡ።

«እኔው ነኝ» አሉ። «ለእኔ ሳይተኮስልኝ ቀረ፤ አሁን ደግሞ የልጅቷን በእጄ አፈንኩት።»

ሳይስቁ ነው ያሉት። እኔ የምናገረው አዘጋጅቼ ነበር፤ ስንት የሚባል ነገር ነበረኝ፤ ግን አንጀቴን በሉትና ዋጥኩት። ወንዳፍራሽ ጠመንጃዋን ለዴል ሰጥቶ እህቱ ፊት በርከክ አለ።

«እትዬ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ውጅግራ ብትሆን ኖሮ ቅቤውን ትወድልዎት ነበር። ይቺ የፈረንጅ ናት፤ ቅቤ አታውቅም።»

ዴል በጨርቅ ጠረገው፤ ቅቤው ከዚያ ወደዚህ ሄደ እንጂ አልለቀቀም። የማጽጃ ሳጥኑን ቤቱ ረስቶታል። አልኮል ያለበት ነገር ቢኖር፣ ጠንከር ያለ፣ ወዲያው ያነሳው ነበር አለ። ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። እኔ አቶ መንግሥቴን አየኋቸው። ጠዋት ወንበር ሲያወርዱ የመኪናቸው የኋላ ሻንጣ ሲከፈት አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

«አቶ መንግሥቴ» አልኳቸው በትሕትና፣ «ብርድ ልብሱ ሥር ያለውን ጠርሙስ ሊያመጡልን ይችላሉ?»

«የቱ? እ... እሱ እኮ ለጉንፋን ነው።»

«ቃታዋም ጉንፋን ይዟታል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የገዛ ልጃቸው ፊሊጶስ ሳይቀር። አቶ መንግሥቴም ጥቂት ቆይተው ሳቁና የአገር ቤት አረቄያቸውን አመጡ። ዴል ቡሹን ነቅሎ ቢያሸት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጠመንጃዋ በድንገት እንደማትተኩስ አይቶ ማንኪያዋን አራገፈ፣ ነጭ ጨርቅ በአረቄ ነክሮ ክዳኑን፣ መንጋጋውን፣ ማንኪያዋን ጥርግ አደረገ፤ ሌላ ጨርቅ፣ ደግሞ ሌላ። አደሱ ጠፍቶ አረቄ ብቻ ሸተተ። አረቄውም ጨርሶ ደርቆ እስኪተን አስጠበቀን። የባሩዷን ቀዳዳ ከነጠላዬ ባወጣሁት መርፌ ጠረጉት። አዲስ ባልጩት ገባ፣ አዲስ ባሩድ ተደረገ። እትዬ ባየሽ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ወንዳፍራሽ ወደ ደጁ መሃል ተመለሰ። ጋቢውን እንደገና ወደ ኋላ ወረወረ፤ አፈሙዙን አቀና። እኔ በዚህች ጊዜ ጆሮዬን መያዝ ረሳሁ።

መጀመሪያ እሳቱን አየሁ፤ ቀጥሎ ጫካው ሁሉ ጮኸ! ወፎች ከዛፉ ሁሉ ተነሱ፣ ነጭ ጭስ ወንዳፍራሽን ዋጠው፣ እልልታው ቀለጠ። እነዴልም ኮፍያቸውን ወደ ላይ ወረወሩ። ሃሴት ቀሚሷን ሰብስባ በቀኝ እግሯ ደፉን ተሻገረችና ጭሱ ውስጥ ገብታ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ከጭሱ ሲወጡ ሁለቱም አልቅሰው፣ ሁለቱም ይስቃሉ። እኔማ አልጠየቅ።

ምግብ ሊቀርብ ነው ብዬ ስዞር ሃሴት አልተንቀሳቀሰችም። አክስቷ የተቀመጡበትን ግንድ እያየች ነው።

«ዳድ» አለች። «ዋን ሞር። አንድ ደግሞ ለአክስቴ።»

ወንዳፍራሽ የባሩዱን ቀንድ አነሳ። እትዬ ባየሽ ነገሩ ሲገባቸው «ኧረ በሕግ! እኔ አሮጊቷ? በዚህ ዕድሜዬ? ሰው ምን ይለኛል!» ብለው እጃቸውን አወራጩ። ሃሴት ግን ብብታቸው ሥር ገብታ ብድግ አደረገቻቸውና ወደ ግንዱ ቤት ይዛቸው ገባች። እኔም ተከትዬ ገባሁ። ውስጥ ሲደርሱ መወራጨቱን አቆሙ። ነጠላቸውን ፈትተው እንደገና አጣፉ። «እንዲህ ነው? ያኔ ፊቴን ሸፍነውኝ ነበር» አሉ በቀጭን ድምፅ፣ እንደ ልጅ። የነጠላውን ጫፍ አንስቼ ፊታቸውን ሸፈንኩላቸው።

ደጅ ወንዳፍራሽ ባሩዱን ለካ፣ አፈሰሰ፣ በዘንግ ገፋ፣ ማንኪያዋን ሞላ፣ ክዳኑን ዘጋ። ያ ረጅም ሥራ ያን ቀን አልረዘመብኝም። አቶ መንግሥቴ እንኳ ወጡ ይቀዘቅዛል አላሉም።

ጮኸች። እኔ እንደሰማሁት ከመጀመሪያውም በለጠ። እትዬ ባየሽ ፊታቸው እንደተሸፈነ፣ የሚያማቸውን ጉልበት ከፍ አድርገው፣ ማንንም ሳይደገፉ ደፉን ተሻገሩ። የጨፈረው ሰው በሰርጉ ቀን ከጨፈረው በለጠ። ዴል የኔን ድፎ ዳቦ ሲበላ ሚስጥሩን ጠየቀኝ፤ ብረት አስገባበት አልኩት።

ማታ ስንመለስ ሬንተን ሳንደርስ እትዬ ባየሽ ከኋላ ወንበር ስልክ አስደወሉኝ። መንዝ ሌሊቱ ነግቶ ነበር። ታናሽ እህታቸው ወርቅዬ አንስታ ሰርጉ እንዴት ነበር፣ ለልጅቷ ተተኮሰላት ወይ ስትል በስፒከር ሰማናት።

«ለልጅቷማ ተተኮሰ» አሉ እትዬ ባየሽ። ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉት። «ስሚ ወርቅዬ፣ ለጎረቤቱም ንገሪ። ለእኔም ተተኮሰልኝ። ወንዴ ነው የተኮሰልኝ!»